የኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ዘመን ከሚያስታውሱ አድማጮች ትዝታ እንዴት ይሰበሰባል?

ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1963 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ (በዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ) ተመሥርቶ እስከ 1975 የዘለቀ የባህል ሙዚቃ ቡድን ነበር። ቡድኑ ሲመሠረት የሃያ ዓመት ተማሪ የነበረ ሰው ዛሬ ሰማንያን ተሻግሯል፤ ሲበተን ሃያ ዓመቱ የነበረውም ሰባን ደፍኗል። ስለ መሥራቹ፣ ስለ መሪዎቹና ስለ ዕውቅ ተጫዋቾቹ የተጻፈ አይጠፋም፤ አዳራሽ ገብቶ ወይም ሬዲዮ ከብቦ ሲያዳምጣቸው ስለነበረው ሕዝብ ግን የተጻፈው ጥቂት ነው። ይህ ጽሑፍ ከስድስት ኪሎ እስከ ብሔራዊ ቴአትር ባለው የከተማው እምብርት የኖሩ አድማጮችን ትዝታ ለመሰብሰብ ለሚፈልግ ሰው፣ በተለይም አያቱን ወይም ጎረቤቱን ጠይቆ ለመቅዳት ላሰበ ወጣት፣ ሥራው ከየት ተጀምሮ እንዴት እንደሚከናወን ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው።

ሙዚቃውን ማግኘት እምብዛም አያስቸግርም። ኢትዮፒክስ በመባል የሚታወቀው በፈረንሳይ አገር የሚታተም ተከታታይ የሙዚቃ ስብስብ 23ኛ ቅጹን ለዚህ ቡድን ሰጥቷል። የሚያስቸግረው በሙዚቃው ዙሪያ የነበረውን ሕይወት ማግኘት ነው፤ ማን ከማን ጋር ሄዶ እንዳዳመጠ፣ ምን ለብሶ እንደሄደ፣ ሲመለስ በመንገድ ላይ ምን እንደተጨዋወተ። እኔ ይህን የተማርኩት መልሼ በማላገኘው ነገር ነው። አጎቴ ቴፑን ሬዲዮኑ ፊት አስቀምጦ የባህል ሙዚቃ የቀዳባት አንዲት ባለ 60 ደቂቃ ካሴት ነበረችው። እሱ ካረፈ በኋላ ካሴቷ ወደ ኮምፒውተር እንድትገለበጥ ፒያሳ አካባቢ ይህን ሥራ ለሚሠሩ ሰዎች ሰጠኋት። ሲመልሱልኝ ዘፈኖቹ ጥርት ብለው ይሰማሉ፤ ነገር ግን በመጀመሪያው ገጽ መግቢያ ላይ አያቴ «ዝም በሉ፣ ጀመረ!» እያለች ልጆቹን ስትቆጣ የሚሰማው ድምፅ፣ በዘፈኖቹ መካከል ሲኒ ሲንቀጫቀጭ የሚሰማው ሁሉ እንደ ጫጫታ ተቆጥሮ ተቆርጦ ወጥቷል። ካሴቷም ማሽኑ ውስጥ ተበጥሳ ነበር። አያቴን በድምፅ የማገኛት በዚያች አንዲት ቃል ብቻ ነበር። ስለዚህ ከዚህ በታች የሚቀርበው ምክር ሁሉ የሚያጠነጥነው በአንድ ነገር ላይ ነው፤ ሌላው ሰው ጫጫታ የሚለውን እናንተ አደራ ብላችሁ ያዙት።

ከመጠየቅ በፊት ማወቅ የሚገባን

ባዶ እጅን ይዞ ሄዶ «እስቲ ስለ ድሮ ሙዚቃ ያጫውቱኝ» ማለት ሽማግሌውን ያደክማል፤ መልሱም «ድሮማ ሁሉም ጥሩ ነበር» ከማለት አያልፍም። አስቀድሞ ዋና ዋናውን ማጥናት ያስፈልጋል። ቡድኑን የመሠረቱት በዩኒቨርሲቲው ያስተምሩ የነበሩት የግብፅ ተወላጁ የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል ዳብ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ ደግሞ ተስፋዬ ለማ መሪነቱን ይዘው የቡድኑን መልክ ቀረጹት፤ ዛሬ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ሲባል ብዙ ሰው የሚያነሣው የእሳቸውን ስም ነው። ከተጫዋቾቹ መካከል ጌታመሳይ አበበ በማሲንቆ፣ መላኩ ገላው በክራርና በዋሽንት ይታወሳሉ። በአሜሪካ የሰላም ጓድ አማካይነት መጥቶ ማሲንቆ የተማረው ቻርልስ ሳተንም ከቡድኑ ጋር ተጫውቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1969 የቡድኑ አባላት «ብሉ ናይል ግሩፕ» በሚል ስም አሜሪካን ሲዞሩና በኤድ ሱሊቫን የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ሲቀርቡ አብሯቸው ነበር። አንድ ነጭ በአማርኛ ሲዘፍንና ማሲንቆ ሲገርፍ ያየ ሰው ያንን አይረሳም፤ ስለዚህ ጨዋታ የሚከፍት ጥያቄ ቢፈለግ ይህ ጥሩ ነው።

ከስሞቹ ይልቅ የሚጠቅመው ግን መሣሪያዎቹን ማወቅ ነው። ማሲንቆ አንድ የጭራ ክር ያለው ሲሆን አዝማሪው ራሱ እየዘፈነ የሚጫወተው ነው። በገና ዐሥር አውታር ያለው፣ በተለይ በዐቢይ ጾም ለብቻ ተቀምጠው የሚደረድሩት የጸሎት መሣሪያ ነው። እምቢልታ የጣት ቀዳዳ ስለሌለው አንዱ ብቻውን ዜማ አያወጣም፤ ሦስት ሆነው እየተቀባበሉ ነው የሚነፉት። ዋሽንት ደግሞ የተቆረጠበት ርዝመት ድምፁን ስለሚወስነው ነፊው ልዩ ልዩ ርዝመት ያላቸው በርካታ ዋሽንቶች ይዞ ይዞራል። እነዚህ መሣሪያዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቦታ፣ ጊዜና ባለሙያ ነበራቸው፤ ከየአገሩ የመጡትን ተጫዋቾች በአንድ መድረክ አስቀምጦ፣ ቅኝታቸውን አስማምቶ እንደ አንድ ቡድን ማጫወት በዚያን ጊዜ አዲስ ነገር ነበር። ይህን ያወቀ ጠያቂ «ጥሩ ነበር ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። «በገናና ከበሮ አንድ ላይ ሲሰሙ ምን አሉ? ቤተሰብዎስ ምን አለ?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱም ፈጽሞ ሌላ ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። «ኦርኬስትራ» የሚለው ቃል ብዙ ሰው ያሳስታል። በዚያው ዘመን የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስና የምድር ጦር የዘመናዊ ሙዚቃ ባንዶች ስለነበሩ፣ በሀገር ፍቅርና በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ቤትም የባህል ሙዚቃ ይቀርብ ስለነበር፣ ከስልሳ ዓመት በኋላ የሚናገር ሰው አንዱን ከሌላው ቢቀላቅል አያስገርምም። ተናጋሪውን ማረም አያስፈልግም፤ «መድረኩ ላይ ሳክስፎን ወይም ትራምፔት ነበር?» ብሎ መጠየቅ ብቻ ይበቃል። ነበር ካሉ የሚያስታውሱት ሌላ ቡድን ነው። ያም ቢሆን ቅጂው አይጣል፤ ለየት ባለ ስም ይቀመጥ፤ ለሌላ ሰው ሥራ ይጠቅማል።

ሰዎቹን ማግኘት

በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በአራት ኪሎ አካባቢ በተካሄደው የኮሪደር ልማት ብዙ የድሮ ሰፈርተኛ ወደ ከተማው ዳር ሄዷል። ስለዚህ የድሮውን በር ማንኳኳት ብዙ ጊዜ ፍሬ የለውም። እኔ ያገኘሁት አስተማማኝ መንገድ ዕድር ነው፤ ሰው ቤት ቢቀይርም ዕድሩን በቀላሉ አይቀይርም። የዕድሩን ዳኛ ወይም ጸሐፊ ቀርቦ ዓላማን ማስረዳትና «ከአባላቱ መካከል በንጉሡ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ የተማሩ ወይም እዚያ የሠሩ አሉ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነው። የተማሩትን ብቻ መፈለግ ግን ስሕተት ነው። በር ላይ ቲኬት ይቆርጡ የነበሩ፣ አዳራሽ ያጸዱ፣ የተጫዋቾቹን ልብስ ያጠቡ፣ ከአጥር ውጭ ቆመው ያዳመጡ ሰዎች የሚናገሩት በወንበር ላይ የተቀመጠው የማያውቀውን ነው። ጠዋት ጠዋት በፒያሳ ቡና ቤቶች ተሰብስበው ጋዜጣ የሚያነብቡ አዛውንት ዘንድም መሄድ ይቻላል፤ አንዱ ባያውቅ የሚያውቀውን ይጠቁማል።

አቀራረብን በተመለከተ ረጅም ምክር አያስፈልግም። እንደየሰፈሩ ልማድ ጋሼ፣ እትዬ፣ አባባ፣ እማማ ብሎ፣ በ«እርስዎ» አነጋግሮ፣ በቀጠሮ መሄድ ነው። እጅ ባዶ አይገባም፤ ስኳር ወይም ቡና መያዝ ይበቃል።

በሦስት ቡና የሚካሄድ ቃለ ምልልስ

ቡና በሚፈላበት ቤት ከሆነ የቡናውን ሥርዓት የቃለ ምልልሱ ሥርዓት ማድረግ ይቻላል። በአቦሉ መቅጃ አይከፈትም፤ ወሬው ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ሰፈር ይሁን። በዚህ ጊዜ ለምን እንደመጣችሁ፣ ድምፁ የት እንደሚቀመጥና ማን እንደሚሰማው ግልጽ አድርጋችሁ ፈቃድ ጠይቁ። በቶናው መቅጃውን ክፈቱ፤ በስልክ መቅዳት ይቻላል፤ ነገር ግን ስልኩን ከረከቦቱ ላይ አታስቀምጡት፤ እያንዳንዱ ሲኒ ሲነሣ ነጎድጓድ ይመስላል። የታጠፈ ነጠላ ወይም ፎጣ ላይ፣ ከተናጋሪው አንድ ክንድ ያህል ርቀት ላይ ማስቀመጥ ጥሩ ነው። ስልኩም ጥሪ እንዳያስተጓጉለው ወደ በረራ ሁኔታ ይዞር። የጀበናው፣ የሕፃኑ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ድምፅ ቢገባ አትጨነቁ።

ጥያቄ ከመጀመር በፊት ሙዚቃውን አሰሙ። ይህን ምክር ከሌላው ሁሉ አስበልጬ የምሰጠው በዓይኔ ስላየሁት ነው። ከራስ መኮንን ድልድይ ብዙም በማይርቅ ቤት የሚኖሩ አንድ አዛውንት ዘንድ ሄጄ ግማሽ ሰዓት ያህል ብጠይቃቸው «ልጄ፣ ረስቼዋለሁ» ከማለት በቀር ምንም አላሉኝም። ተስፋ ቆርጬ ስልኬ ላይ የነበረውን አንድ ቅጂ ከፈትኩ። ክራሩ ሲጀምር ዝም ብለው ነበር። ዋሽንቱ ሲገባ ቀኝ እጃቸው ከጉልበታቸው ተነሣ፤ አራት ጣቶቻቸው በያዙት ከዘራ ላይ ቀዳዳ እንደሚደፍንና እንደሚከፍት ሰው መንቀሳቀስ ጀመሩ። ሙዚቃው አልቆ እንኳ ጣቶቻቸው ጥቂት ቀጠሉ። ከዚያ በኋላ ያለ ምንም ጥያቄ ተናገሩ፤ ጫማ ስላልነበራቸው የወንድማቸውን ጫማ ተውሰው እንደሄዱ፣ ጫማው ጠቧቸው ከስድስት ኪሎ ሲመለሱ ቁልቁለቱን በባዶ እግራቸው እንደወረዱ፣ ከጓደኛቸው ጋር ክራሩ አምስት አውታር ነው ስድስት እያሉ እስከ ድልድዩ ድረስ እንደተከራከሩ፣ መንገዱ የባሕር ዛፍ ጭስ ይሸት እንደነበር። ክራር ባለ አምስትም ባለ ስድስትም አውታር ሆኖ ስለሚሠራ ክርክሩ ዛሬም አላለቀም። የዘፈኑን ስም ግን እስከ መጨረሻው አላስታወሱም፤ እኔም አልነገርኳቸውም።

ጥያቄዎቻችሁ እንደዚህ ያለ ነገር እንዲወጣ የሚያደርጉ ይሁኑ። «ምን ተሰማዎ?» የሚለው ጥያቄ ለመመለስ ይከብዳል፤ «ማን ወሰደዎ? በምን ሄዱ? የት ተቀመጡ? ከፊትዎ ማን ነበር? ሲወጡ መሽቶ ነበር?» የሚሉት ግን መልሳቸው ከእጅና ከእግር የሚወጣ ነው። ከዚያ ወደ መሣሪያዎቹ፣ ከዚያም ወደ ተጫዋቾቹ ይኬዳል። ሰው ዝም ሲል ዝምታውን አትሙሉት፤ ዐሥር ሰከንድ መታገሥ ይከብዳል እንጂ ብዙ ጊዜ ዋናው ነገር ከዝምታው በኋላ ይመጣል። ዜማ ማንጎራጎር ከጀመሩም ፈጽሞ አታቋርጡ፤ አብራችሁም አትዝፈኑ።

በረካው ለዘመን ቈጠራ ይሁን፤ ይህም ብዙ ሰብሳቢ የሚሳሳትበት ነው። የውጭ ሰዎች የጻፉት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ አዛውንቶቻችን የሚናገሩት በእኛ ነው፤ በዚያ ላይ «በስልሳ ሦስት» ብለው ሁለቱን የመጨረሻ አኃዞች ብቻ ይጠራሉ። በፈረንጆች 1963 ቡድኑ የተመሠረተበት ዓመት ነው። በእኛ 1963 ደግሞ ከመስከረም 1970 እስከ ጳጉሜን 1971 እ.ኤ.አ. ያለው ጊዜ ስለሆነ ቡድኑ በተስፋዬ ለማ መሪነት ይሠራ የነበረበት ዘመን ነው። ሁለቱም አፍ ሞልቶ የሚነገር፣ ሁለቱም እውነት ሊሆን የሚችል ነው። እንዲሁም 1967 በእኛ አቆጣጠር የዕድገት በኅብረት ዘመቻ የተጀመረበትና ቡድኑ ወደ መጨረሻው የተቃረበበት ሲሆን፣ በፈረንጆች 1967 ግን ገና የተስፋዬ ለማ የመሪነት ዘመን መባቻ ነው። ስለዚህ በዓመት ከመጠየቅ ይልቅ በታላላቅ ሁነቶች መጠየቅ ይሻላል። «የታኅሣሡ ግርግር ጊዜ ስንተኛ ክፍል ነበሩ?» ቢባል 1953 ዓ.ም. ይገኛል። ጥር 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ስታዲየም የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣችበት ነው፤ ግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት ነው፤ የእንግሊዟ ንግሥት ኤልሳቤጥ የመጡት በ1957 ዓ.ም. ነው፤ ማሞ ወልዴ በሜክሲኮ ማራቶኑን ያሸነፈው በጥቅምት 1961 ዓ.ም. ነው። «ከማሞ በፊት ነው በኋላ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሌለው የዚያ ዘመን ሰው አላጋጠመኝም። የተናገሩትን ዓመት እንደተናገሩት ጻፉ፤ የእናንተን ስሌት ለብቻው በጎን አስፍሩት።

ካሴትና ሸክላ ሲገኝ

ጨዋታው ሲሞቅ «ቆይ፣ አንድ ነገር አለኝ» ተብሎ ከቁም ሣጥን ላይ ካርቶን የሚወርድበት ጊዜ አለ። ካሴት ከሆነ ወዲያው ቴፕ ውስጥ አትክተቱት። መጀመሪያ የካሴቱን ሽፋንና በላዩ የተጻፈውን ሁሉ፣ የጀርባውንም ጭምር፣ ፎቶ አንሡ። በላይኛው ጠርዝ ላይ ያሉት ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ክዳኖች ካልተሰበሩ ስበሯቸው፤ ከዚያ በኋላ ማንም በስሕተት ሊቀዳበት አይችልም። ክሩ ላልቶ ከሆነ እንደ ዱሮው በቢክ እስክሪብቶ ቀስ ብሎ ማጠንጠን ይገባል። ከድምፅ ማጉያ አጠገብ አታስቀምጡት፤ በውስጡ ያለው ማግኔት ቅጂውን ያጠፋል። ሲገለበጥ ከመጀመሪያው ፀጥታ እስከ መጨረሻው ፀጥታ ሳይቆረጥ፣ ሁለቱም ገጽ ድምፁን ሳይጨምቅ በሚያስቀምጠው በዋቭ (WAV) ፋይል ይገልበጥ፤ የቅጂው ጥራት ባይሆን ባይሆን 48 ኪሎኸርዝና 24 ቢት ይሁን። ማጥራት ከተፈለገ በሌላ ቅጂ ላይ ይጠራ። ለሌላ ሰው የምትሰጡት ከሆነ አጠገቡ ሆናችሁ አስገልብጡ፤ «ምንም አይቆረጥም» የሚለውንም ቃል በጽሑፍ ተቀበሉ። የምለው ከደረሰብኝ ተነሥቼ ነው።

ሸክላ ከሆነ በጫፉ ይያዝ፤ በውሃም በአልኮልም ለመወልወል አይቸኮል። ዋናው የሸክላው መሐል ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍና ቁጥር ሳያጓድሉ መመዝገብ ነው። ንብረቱን ከቤት ለማውጣት አትጠይቁ፤ ሰው «ውሰደው» ቢል እንኳ ልጆቹ ባሉበት ይሁን።

ወደ ጽሑፍ መለወጥና ማስቀመጥ

ድምፁን ወደ ጽሑፍ ስትለውጡ የተናገሩትን አታሳምሩ። ተናጋሪው «ማሲንቆ መቺው» ቢሉ እናንተ «የማሲንቆ ተጫዋቹ» ብላችሁ አትጻፉ። የጎጃሙ የጎጃም፣ የጉራጌው የጉራጌ ለዛውን ይዞ ይቀመጥ። ሲስቁ፣ ሲያንጎራጉሩ፣ በእጃቸው ሲያሳዩ በቅንፍ አመልክቱ። የአንድ ሰዓት ንግግር አምስት ስድስት ሰዓት ሊወስድ ስለሚችል በማግስቱ ብትጀምሩ ይመረጣል፤ ያልተሰማ ቃል ቢኖር ትዝ ይላችኋል። ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ምሽት የተለያየ ነገር ቢናገሩ ማን እንደተሳሳተ አትፍረዱ፤ ሁለቱም ጎን ለጎን ይቀመጡ።

የመጀመሪያው ቅጂ የቤተሰቡ ነው፤ በፍላሽ አድርጋችሁ ስጡ። ሁለተኛውን እናንተ ጋ፣ ሦስተኛውን ሌላ ቤት ውስጥ አኑሩ። ሥራው በዛ ሲል በስድስት ኪሎ የሚገኘውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ወይም ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍትን፣ ብዙዎቻችን ወመዘክር የምንለውን፣ ቀርቦ ማነጋገር ይገባል። ሙዚቃውን ራሱን በኢንተርኔት መልቀቅ ግን የተለየ ጉዳይ ነው፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የከዋኞችንና የአሳታሚዎችን መብት ስለሚጠብቅ ባለመብቱን ሳያስፈቅዱ አይደረግም። የቃለ ምልልሱንም ድምፅ ቢሆን ተናጋሪው ከፈቀዱት ወሰን ማለፍ ተገቢ አይደለም።

ጽሑፉ ካለቀ በኋላ ተመልሳችሁ ሂዱ። አትመው ሰጥተው ከመውጣት ይልቅ ተቀምጦ ድምፅን ከፍ አድርጎ ማንበብ ይሻላል፤ ዓይናቸው የደከመ ብዙ ናቸው፤ የሚያዩትም ቢሆኑ ሲነበብላቸው የጎደለውን ይሞላሉ። መቅጃውንም ክፈቱት፤ ሁለተኛው ቅጂ ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ይበልጣል። ከድልድዩ አጠገብ ላሉት አዛውንት የጻፍኩትን ሳነብላቸው እስከ ጫማው ድረስ በጥሞና ሰሙኝ። ከዚያ እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ። ጫማው የወንድማቸው እንዳልነበረ፣ የወንድማቸው ጓደኛ እንደነበረ፣ ያ ልጅ ራሱ ዋሽንት ይነፋ እንደነበረና በዚያ ምሽት መሄድ የነበረበት እሱ እንደነበረ ነገሩኝ፤ ለምን እንደቀረ ለመናገር ሌላ ቀጠሮ ሰጡኝ።